በቅሎዋን ጥያቄው ውስጥ ለምን አላስገባሃትም?

ይድረስ ጅማ ሕክምና ለምትማረው ወንድሜ ለዲያቆን ምሕረትአብ ወልደጊዮርጊስ።

እንደምን ከረምህልኝ? ሰውነትህ እንዴት ነው? ያ ክረምት በገባ ቁጥር የሚነሳብህ ሳል ዘንድሮስ ተወህ? እንቅልፍህስ? ምግብስ በሰዓቱ ትበላለህ ወይስ እንደ ልማድህ መጽሐፍ ላይ እንደተደፋህ ይመሽብሃል? የጅማ ዝናብ ከእኛው ይብሳል ሲሉ ሰምቼ ጫማህ ውኃ ያስገባ ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ያለህበትን አገር ጌታ ሰላም ያድርግልህ። እኔ ለራሴ ከተረኝነት ድካም በቀር የሚወራ ሕመም የለብኝም። እማዬም ደኅና ናት፤ ጉልበቷ እንኳ ዘንድሮ ታግሷታል። ስለ አባታችን ግን «ደኅና ናቸው» ብዬ ልለፍ ብል እጄ እምቢ አለኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም በእሳቸው ነገር ነው፤ ስለዚህ እስከ መጨረሻው ሳታነብ እንዳታጥፈው።

በሰኔ የጻፍካት ደብዳቤ በኢድሪስ እጅ ደርሳኛለች። ኢድሪስ እዚህ ደብረ ታቦር ገበያው ውስጥ ጨርቅ የሚነግደው፣ ሆስፒታሉ ውስጥ አብራኝ የምትሠራው የሰሚራ አጎት ነው፤ ወንድሙ ጅማ ስለሚኖር እየተመላለሰ ሁለታችንን ያገናኘናል። ስልኩም ኢንተርኔቱም ከጠፋ ሦስተኛ ሳምንቱን ስለያዘ አሁን ያለን መልእክተኛ እሱ ብቻ ነው። ነገ ጠዋት መንገዱ ክፍት ከሆነ ተነስቶ ወደ አንተ ይመጣል። ይህች ደብዳቤ በገባች ቀን መልስህን ጽፈህ ስጠው፤ ለምን እንደምቸኩል ወረድ ብዬ እነግርሃለሁ።

ደብዳቤህ ሁለት ነገር ይዛለች። አንደኛው ልመና ነው፤ ለፈተና የሚጠናበትን ሁለተኛውን የጥያቄ ባንክ ፋይል ከነመልሱ ላኪልኝ፣ የመጀመሪያውን ሁለቴ ጨርሼዋለሁ፣ በቀን መቶ ሃምሳ ጥያቄ እሠራለሁ፣ ከመቶ ዘጠና ሦስት አገኛለሁ ትላለህ። ጎበዝ ልልህ ብዕሬን አንስቼ ነበር። ከዚያ ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ ፈለግሁ። ከእነዚያ ዘጠና ሦስቶች ውስጥ ገና የመጀመሪያውን መስመር ስታይ «ይቺን አውቃታለሁ፣ ሐ ናት» ያልካቸው ስንት ናቸው? እውነቱን ተናገር፤ እኔ ነኝ እንጂ ፈታኝህ አይደለሁም።

ጥፋቱ የእኔም ነው። ያንን ፋይል መልሱ ከጥያቄው ሥር በደማቁ ተጽፎ ሳለ እንዳለ ሰጠሁህ። እንደ አንተ ላለ ሰው ደግሞ ይህ ለፍየል በሩን ከፍቶ ቡቃያ እንደማሳየት ነው። ዳዊትን በሰባት ዓመትህ በቃልህ የያዝህ ልጅ ሦስት ሺህ ጥያቄ መሸምደድ ምን ይከብድሃል? አባታችን የዳዊት ተማሪዎቻቸውን ሲፈትኑ ለምን ከመሀል ያስጀምሩ እንደነበር ታስታውሳለህ? ከመጀመሪያው ከተጀመረማ ምላስ ብቻዋን ትሮጣለች፣ ልቡና ተኝቶ ይቀራል ይሉ ነበር። አንተ ራስህ ከመሀል ጀምር ሲሉህ አልቅሰህ ወጥተህ ነበር፤ እኔ ግን ያን ጊዜ ስቄብህ ነበር፤ አሁን አልስቅም።

እኔና ሰሚራ ለራሳችን ፈተና እንዴት እንደምናጠና ልንገርህ። መብራትም ኔትወርክም ስለማይታመን ጥያቄዎቹን በእጃችን ወረቀት ላይ ገልብጠናቸዋል። አንዳችን ስናነብ ሌላችን እንሰማለን። አንባቢዋ አንድ ዓረፍተ ነገር አንብባ ቀጥ ትላለች፤ ሰሚዋ እስካሁን ምን እንደጠረጠረችና ታማሚው ፊቷ ቢቀመጥ ቀጥላ ምን እንደምትጠይቀው ትናገራለች። ከዚያ ነው ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር የሚነበበው። ምርጫዎቹ ላይ ሰሚራ የሻርፗን ጫፍ ጣል ታደርግባቸዋለች፤ መልሴን በራሴ አፍ ሳልናገር ብትሞት አታነሳልኝም። ባገኘውም አትለቀኝም። «ለ ለምን አልሆነም? መ ትክክል እንዲሆን ሰውየው ላይ ምን ይለወጥ?» እያለች ታደርቀኛለች። በአንድ ሰዓት አሥር ጥያቄ ከጨረስን ትልቅ ነገር ነው። የሳትነውን የምንጽፍበት ደብተር አለን፤ የምንጽፈው ግን ትክክለኛውን መልስ አይደለም፣ ለምን እንደሳትን ነው። የእኔ ደብተር ግማሹ «ቸኩዬ» የሚል ነው። ከሳምንት በኋላ የሳትናቸውን እንደገና እንሠራለን፣ ከወር በኋላም እንደገና፤ ያኔ የፊደሉን ተራ ሰሚራ አዘበራርቃ ትጠብቀኛለች። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለ? እኔ መልቀሙ ላይ ነኝ።

ይህን ሁሉ የማወራህ ለፈተናህ ብቻ ቢሆን በሁለት መስመር እጨርሰው ነበር። የሚያስፈራኝ የደብዳቤህ ሁለተኛው ነገር ነው። «የመጀመሪያ ታማሚዬን አዳንኩ» ብለህ ጽፈሃል። ለፋሲካ ሁለት ሳምንት ቤት ስትሰነብት አባታችን ልቤን ያመኛል እንዳሉህ፣ የጨጓራ መድኃኒት ገዝተህ እንደሰጠሃቸውና እንደተሻላቸው ትነግረኛለህ። ከዚያም ለጨዋታ ብለህ ልክ እንደ ጥያቄ ባንኩ አድርገህ አቅርበህልኛል። «የስልሳ አራት ዓመት ሰው፤ የላይኛው ሆዳቸው ላይ ሕመም፤ በጾም ይብሳል፣ ሲበሉ ይለቃል፤ በኦሜፕራዞል ተሽሏቸዋል። መልሱ ሐ፣ የጨጓራ ቁስለት።» ሳነበው ስቄ ነበር። በሁለተኛው ቀን ሳነበው አልሳቅሁም።

ምሕረትአብ፣ ይህን ጥያቄ የጻፍከው አንተ ነህ። ባንኩ ውስጥ ያለውን ታማሚ አስቀድሞ ሌላ ሰው ጠይቆታል፤ የሚረባውን አስቀርቶ የማይረባውን ጥሎልሃል። አባታችንን ግን የጠየቅሃቸውም አንተ፣ የጣልኸውም አንተ ነህ። እሳቸው ያሉህ «ልቤን» ነው። በእኛ አገር ልብ ከአንገት በታች ይጀምርና እምብርት ድረስ ይወርዳል። ያቃጠለውም ልቤን ይላል፣ የታፈነውም ልቤን ይላል፣ ያዘነውም ልቤን ይላል። አንተ «የላይኛው ሆድ» ብለህ ወደ መጽሐፉ ቋንቋ ስትገለብጠው መልሱን የዚያን ጊዜ መርጠኸዋል። እጃቸውን የት ላይ እንዳደረጉ አይተሃል? በአንድ ጣት ነው ያሳዩህ ወይስ በሙሉ መዳፍ? ደብዳቤህ ላይ የለም።

የአያ ሙላቴ በቅሎ ግን ደብዳቤህ ላይ አለች፤ ከጥያቄው ውጭ፣ ታች፣ ለሣቅ ብለህ የጻፍካት። ጎረቤታችን አያ ሙላቴ እግሩን ተሰብሮ ቤት ስለዋለ በቅሎዋን ለአባታችን እንደሰጠ፣ አባታችንም ጥላቸውን ዘርግተው እንደ ደጃዝማች ተቀምጠው ዳገቱን ወደ ሚካኤል ሲወጡ ማየት እንደነበረብኝ ጽፈሃል። እኔ እዚያ መስመር ላይ ስደርስ ወደ ጥያቄህ ተመልሼ ሳምንቱን ቆጠርኩ። መድኃኒቱን የጀመሩበት ሳምንትና በቅሎዋ ላይ የወጡበት ሳምንት አንድ ነው። አንተ መድኃኒቱን ጥያቄው ውስጥ አስገባህ፤ በቅሎዋን ግን ለምን አላስገባሃትም?

እስቲ ቀስ ብለህ አብረኸኝ አስብ። አባታችን በጾም ቀን ባዶ ሆዳቸውን ያን ዳገት ይወጣሉ፣ ልባቸውን ይይዛቸዋል። ወርደው ይቀመጣሉ፣ ይበላሉ፣ ይለቃቸዋል። አንተ ያየኸው ባዶውን ሆድና ምግቡን ነው። ዳገቱንና መቀመጡን አላየህም። በፍስኩ እሑድም ቢሆን ለቅዳሴ የሚወጡት ሳይቀምሱ ነው። በእኛ ቤት ጾምና ዳገት ተለያይተው አያውቁም፤ ለዚህ ነው የቄስ ልጆች የሆንን ሁለታችንም የተታለልነው። በሃምሳው ቀን ጾም የለም፤ ተሻላቸው፤ ግን ያኔ በቅሎዋም ነበረች። በሰኔ መጀመሪያ የሐዋርያት ጾም ገባ፣ ሕመሙ ተመለሰ፤ ግን በዚያው ሳምንት አያ ሙላቴ እግሩ ድኖለት በቅሎውን ወሰደ። ከፈለግህ ሁለቱንም ጊዜ ለጨጓራ መስጠት ትችላለህ። እኔም ሰጥቼው ነበር። በመጋቢት በስልክ ልቤን ሲሉኝ፣ አንዲት እናት ስታምጥ ትቼ መጥቼ ስለነበር፣ ሳልጠይቃቸው «ጨጓራ ይሆናል፣ በርበሬ ይቀንሱ» ብዬ ዘግቻለሁ። አንተ የእኔን ቃል ይዘህ ነው የገባኸው። ይህንንም ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ።

እርግጡን ለማየት ብዬ ለሐምሌ አምስት ጾሙ ሲፈታ ፈቃድ ለምኜ ቤት ሄድኩ። እማዬ ዶሮ ሠርታ ነበር፤ አባታችን ጥግብ ብለው በሉ፤ ሳቁም፣ ተጫወቱም። ከምሳ በኋላ ነፋስ የደጀ ሰላሙን ጣራ ገልጦታል ስላሉ አብሬያቸው ወጣሁ። ሆዳቸው ሙሉ ነው፣ ጾም የለም፣ ኦሜፕራዞሉንም ጠዋት ውጠዋል። ዳገቱ ግማሽ ላይ ሳንደርስ ቆሙ። አገሩን የሚያዩ መሰሉ። ፊታቸውን ከወንዙ ማዶ ወዳለው ወደ ጣራ ገዳም ጫካ አዞሩ። ላብ ግንባራቸው ላይ ወጥቷል፤ ቀኑ ግን ብርድ ነበር። ቀኝ እጃቸውን ጨብጠው ደረታቸው መሀል ላይ ተጭነውታል፤ በግራው መንጋጋቸውን ያሻሉ። ምን ሆኑ ብላቸው «ጥርሴ ነው፤ ልቤን ሲለኝ ጥርሴም አብሮ ይነሳል» አሉኝ። ትንሽ ቆመው ተዋቸው፤ ሄድን። ደጀ ሰላሙ ጋ እስክንደርስ ሦስት ጊዜ ቆሙ። እኔ ከኋላቸው ሆኜ የምቆጥረው እርምጃቸውን ነበር። ወንድሜ፣ በጣም ፈራሁ። ባንኩ ውስጥ መንጋጋ የሚለውን ቃል ስታይ ምን እንደምትመርጥ አውቃለሁ፤ ስለዚህ አልነግርህም።

እንድትሰጋ ብዬ አላጋነንኩም። ባለፈው ማክሰኞ ከጋፋት በኩል አቶ እሸቴ የሚባሉ ገበሬ በቃሬዛ መጡ። ልባቸውን ካመማቸው ዓመት ሆኗል፤ ጨጓራ ነው ተብሎ በሰፈር ወሬ ከሱቅ እየተገዛ ሲውጡ ከርመዋል። አልጋው ላይ ስናስተኛቸው እጃቸው ደረታቸው መሀል ላይ ተጨብጦ ነበር። ጫማቸውን እየፈታሁላቸው ሳለ አረፉ። ልጃቸው ልብሳቸውን ሲሰበስብ ኪሳቸው ውስጥ ያንኑ አንተ ለአባታችን የገዛኸውን እንክብል አገኘ፤ እጄ ላይ አስቀምጦ «ይህን ማታም መስጠት ነበረብን እንዴ?» አለኝ።

ለአለቃዬ ለሆነው ሐኪም የአባታችንን ነገር ሁሉ ነገርኩት። ነገ ዛሬ ሳትሉ አምጧቸው፣ እስኪታዩ ድረስ ዳገት እንዳይወጡ አለኝ። ይህን ቤት ሳለሁም ለአባታችን በራሴ ነግሬያቸው ነበር። ለምኛለሁ፣ አልቅሻለሁ። አስፕሪንም ሰጥቻቸው ነበር፤ «ሁለት ሐኪም ባንድ ሆድ አይገባም፤ ወንድምሽ መርምሮ የሰጠኝን ትቼ ያንቺን አልወስድም» ብለውኝ እንክብሉን ለእማዬ ሰጧት። መርምሮኛል ይላሉ። አንተ ግን እጅህን እንኳ አላሳረፍህባቸውም፤ አይደለም? እኔ ስናገር የሴት ልጅ ሆድ መባባት ይሆንባቸዋል። አንተ ግን ዲያቆናቸው ነህ፣ ቃልህ ደግሞ በእሳቸው ዘንድ ጸንቷል።

አሁን የምቸኩልበትን ስማ። ለዘንድሮ ፍልሰታ ጣራ ገዳም ሱባኤ ለመግባት ተስለዋል። ሐምሌ 29 ከቤት ይነሳሉ። በእግራቸው ነው፤ የስለት መንገድ በበቅሎ አይሄድም ይላሉ። አሥራ ስድስት ቀን በየቀኑ ቅዳሴ፣ በየቀኑ ስግደት፣ በየቀኑ እስከ ከሰዓት ባዶ ሆድ፤ ከዚያም ጥሬና ውኃ። ልባቸውን ሲይዛቸው ጾሙ ነው ብለው ይታገሡታል፤ አጠገባቸው ያሉት መነኮሳትም በረከት ነው ብለው ያዩላቸዋል። ያ ጫካ ውስጥ ሆነው ቢጠሩ የሚሰማቸው ማን ነው? ዝናቡ እንደ ዘንድሮ ሆኖ አያውቅም፤ ወንዙ ከሞላ ቃሬዛም አያሻግርም። እኔ ከሆስፒታሉ እንደ ልቤ ወጥቼ አልሄድም፣ መንገዱም አንድ ቀን ክፍት ሦስት ቀን ዝግ ነው።

ስለዚህ የምለምንህ አንድ ነገር ብቻ ነው። በራስህ እጅ ጽሑፍ ለአባታችን ጻፍላቸው። «አባቴ፣ ሳልመረምርዎ ነው የተናገርኩት፤ ተሳስቻለሁ፤ እህቴ ጋ ሆስፒታል ሳይታዩ ሱባኤ እንዳይገቡ» በላቸው። ምናልባት፣ እንደሚመስለኝ የሚሉትን ቃላት አትጨምር፤ አባታችን ቀዳዳ ካገኙ ይወጡበታል። ማፈርህን አውቃለሁ። የመጀመሪያ ታማሚዬ ብለህ በደስታ ነበር የጻፍህልኝ፤ ያንን ደስታ የምቀማህ እኔ በመሆኔ ደስ አላለኝም። ምናልባት የተሳሳትኩት እኔ እሆናለሁ፣ እውነተኛው ልባቸው ደኅና ሆኖ ጨጓራም ይሆን ይሆናል። እኔ ከተሳሳትኩ አንድ ሱባኤ ይቀርባቸዋል፤ ለከርሞ ይገባሉ። አንተ ከተሳሳትህ ግን ለከርሞ የሚባል ነገር የለም። ኢድሪስ ሐምሌ 26 ለመመለስ አስቧል። ደብዳቤህ በእሱ እጅ ከመጣች በነጋታው በገበያ መንገደኛ እሰድላቸዋለሁ፤ ካልመጣች ግን እኔ የማደርገው ጠፍቶብኛል።

የጠየቅኸውን ፋይል በፍላሽ ለኢድሪስ ሰጥቼዋለሁ። መልሶቹን ከጥያቄዎቹ ነቅዬ ለብቻ አድርጌአቸዋለሁ፤ አምስት ቀን ፈጅቶብኛልና እንዳታማርር። በቀን ሃያ ይበቃሃል። እያንዳንዱን ስትሠራ ምርጫውን ሳታይ በፊት ታማሚው ያልነገረህን አንድ ነገር ጻፍ፤ ምን ላይ ተቀምጦ እንደመጣም ቢሆን።

አብረውህ ለሚኖሩት ለማሩና ለገብረእግዚአብሔር ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ማሩን ስለላከልኝ ማር አመሰግነዋለሁ፣ ሰሚራ ናት የጨረሰችው። ልብስህን የምታጥብልህን እትዬ ብርቱካንን ጉልበቷን ሳምልኝ። ሰሚራ ሰላም ብላሃለች፤ በቀን መቶ ሃምሳ የሚሠራው ወንድምሽ መቼ ይተኛል ብላ ትስቅብሃለች። እማዬ ግንባርህን ስማሃለች፤ ስለ አባታችን የጻፍኩትን ሁሉ አታውቅም፣ የምታውቀው ሌሊት አለመተኛታቸውንና አስፕሪኑን እንደመለሱ ብቻ ነው። አባታችንም ስለያቸው ደጃፍ ድረስ ሸኝተውኝ ባርከውሃል። እንዲህ በይልኝ ብለውኛል፤ «ለዶክተሬ ንገሪው፣ መድኃኒቱ ይዞልኛል፤ ለሱባኤው አሥራ ስድስት ፍሬ ቆጥሬ በጨርቅ ቋጥሬያለሁ፣ ለየቀኑ አንዳንድ ይበቃኛል።»

እህትህ አመተማርያም ወልደጊዮርጊስ

ደብረ ታቦር፣ ሐምሌ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.